ቧንቧ የምታዳምጠው ሴትዮ

ከከተማ ወደ እኛ መንደር የሚገባ ሰው ሁሉ መኪና ሙሉ ዕቃ ጭኖ ነው የሚመጣው። ምን የማያመጡት ነገር አለ! አንዱ ያመጣው ቁም ሳጥን በበሩ አልገባ ብሎ ሳምንት ውጭ ሲያድር ዶሮዎች ገብተው እንቁላል ጣሉበት። ሌላዋ አበባ በማሰሮ ጭና መጣች፣ እኛ አገር አበባ የማይበቅል ይመስል። እሷ ግን ምን ይዛ መጣች? እናቷን፣ ሁለት ፍራሽ፣ ጥቂት ድስት፣ አንድ የብረት ዘንግ። በቃ።

ዘንጉን እንደ ሕፃን አቅፋ ከጭነት መኪናው ስትወርድ እኔ ሻይ ቤቴ በር ላይ ቆሜያለሁ። ሻይ ቤቴ ቦኖው ፊት ለፊት ናት፤ የታችኛው ሰፈር ሰው በሙሉ ውሃ የሚቀዳው እዚያ ነው። ስለዚህ ማን መጣ፣ ማን ሄደ፣ ማን ከማን ተኳረፈ፣ ከእኔ ቀድሞ ሰምቻለሁ የሚል ካለ ውሸታም ነው። ዘንጉ ከሰው ቁመት ትንሽ ያጥራል። አንዱ ጫፉ ሹል ነው፤ ሌላው ጫፍ ላይ እንደ ሲኒ የተቦረቦረ እንጨት ተገጥሞበታል። «ይቺ ደግሞ ምን ልትወጋ ነው?» አልኩ በሆዴ።

ከከተማ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀውን በቃሌ አውቀዋለሁ። ስልኩን ወደ ሰማይ ቀስሮ እየተሽከረከረ፣ «ኔትወርክ የሚይዘው የት ጋ ነው?» ይላል። እሷ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣችና፣

«እህቴ፣ ዋናው መስመር በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» አለችኝ።

«የምን መስመር?»

«የውሃው።»

«እኔ እንጃ! በመሬት ውስጥ ነዋ።»

ሳቀች። «እሱንስ ገምቼ ነበር» አለች።

በሦስተኛው ቀን መንገድ ዳር ተንበርክካ፣ ዘንጉን መሬት ላይ ተክላ፣ ጆሮዋን እንጨቱ ላይ ለጥፋ አየኋት። ዓይኗን ጨፍናለች። ሰው ሲያልፍ ቀና አትልም። «እትዬ ጆሮ» የሚለውን ስም ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ፊት ለፊቷ የጠሯት ቀን ትቆጣለች ብዬ ስሸማቀቅ፣ «ምነው፣ ከተማም ስሜ ይኸው ነበር እኮ!» ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ያንን ሁሉ አስቤ ያወጣሁት ስም አሮጌ ሆኖ ተገኘ። ተናደድኩ።

የኑሮዋን ነገር ቀስ በቀስ ነው ከአፏ ያወጣሁት። እኔ ወሬ ስፈልግ በሻይ አልሰስትም። እናቷ የሰው ልብስ አጣቢ ነበሩ። እሷም ስምንተኛን እንደጨረሰች የከተማው ውሃ መሥሪያ ቤት ኮሪደር ጠራጊ ሆና ተቀጠረች። እዚያ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሥራቸው ማዳመጥ ነው። አዎ፣ ማዳመጥ! ቧንቧ መሬት ውስጥ ሲያፈስ የት ጋ እንደሆነ አይታይማ። ከተማውን በሙሉ ቆፍረህ አትጨርሰው። እና ሽማግሌው በዚህ ዘንግ ያዳምጡና «እዚህ ጋ» ይላሉ፣ ይቆፈራል፣ ይገኛል። አንድ ቀን እሷ ወለል እየወለወለች፣ «አባባ፣ እዚህ ግድግዳ ውስጥ የሚያፏጭ ነገር አለ» አለቻቸው። ጸሐፊዋ «አይጥ ነው» አለች። ዘበኛው «ነፋስ ነው» አለ። ሽማግሌው ዘንጋቸውን አመጡና አዳመጡ። ከዚያ እሷን እያዩ ቆሙ። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች።

«ከነገ ጀምሮ መጥረጊያውን አስቀምጪ» አሏት።

በቃ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመት አዳመጠች።

እንዴት እንደሚሰማ ስትነግረኝ እኔ እያስመሰልኩ እደግምላታለሁ፣ እሷ እየሳቀች ታርመኛለች። ትንሽ ቀዳዳ «ፊስስስ» ትላለች፤ ልክ እንደ ሐሜተኛ፣ ቀጭን፣ የማታርፍ። ሰፊ ስንጥቅ ድምፁ ወፍራም ነው፤ «ሁምምም» ይላል፣ እንደ ጠገበ ሽማግሌ። ቧንቧው ጠጠር ላይ ሲያፈስ ደግሞ የሚጠበስ ነገር ይመስላል። «ከሁሉ የከፋውስ?» አልኳት። «ምንም የማይለው» አለች። «እንደ አማቴ በይኛ!» አልኩ።

ደግሞ አንዴ ምን ሆነች መሰላችሁ። ትልቅ ሆቴል ፊት ለፊት አዳምጣ፣ «እዚህ ደረጃው ሥር ነው» አለች። መሐንዲሱ መነጽሩን ወደ ላይ ገፋ አድርጎ፣ «ይሄ እኮ እብነ በረድ ነው፤ በጆሮ ምስክርነት አይፈርስም» አላት። ነጠላ ጫማዋን አወለቀችና ደረጃው ላይ ቁጭ። ረፈደ፣ ቁጭ። ፀሐይ አናት ላይ ወጣ፣ ቁጭ። ሱፍ የለበሱት እንግዶች ሁሉ እሷን እየተሻገሩ ሲገቡ የሆቴሉ ሰዎች አፈሩና «ኧረ ይቆፈርና እንገላገላት!» አሉ። ሲቆፈር ውሃው የመሐንዲሱን መነጽር አጠበለት። ከዚያ ቀን በኋላ «አንቺ» ብሏት አያውቅም።

ጡረታ ስትወጣ የቤት ኪራዩ አላስቆም አላት። መስኮቷ ሥር ደግሞ ሦስት መጠጥ ቤት ተከፍቶ ድምፅ ማጉያ በድምፅ ማጉያ ላይ ተደረደረ። ያ ሁሉ ዘመን የኖረችበት ጆሮ መታመም ጀመረ። የእናቷ ወንድም እዚህ የላይኛው ሰፈር ሁለት ክፍል ቤት ትተው ሞተው ነበር። «ቢያንስ ጆሮዬ ይረፍ» ብላ መጣች። ሁሉም እንደዚያ ብሎ ነው የሚመጣው። በአራት ዓመት ውስጥ የላይኛው ሰፈር ላይ አሥራ ዘጠኝ የከተሜ ቤት ቆመ።

ደጉን ነገር ልደብቅ አልችልም። ትምህርት ቤቱ በአሥራ አንድ ልጅ ሊዘጋ ነበር፤ ዛሬ ወንበር አይበቃም። ፀጉር አስተካካይ መጣልን። መድኃኒት ቤት ተከፈተ። የኔም ሻይ ቤት በር ሰፋ። ግን ደግሞ ጉዱም አብሮ መጣ። አንድ ጡረተኛ ሒሳብ ሹም አለ፤ ገጠርም መጥቶ ክራቫቱን አልፈታም። ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄዶ ምን ብሎ ቢከስ ጥሩ ነው? «ይህ አውራ ዶሮ ከሰዓቱ በፊት ይጮኻል!»

ሊቀመንበራችን የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር ነው፤ ሆዱ ቀድሞት ይገባል። «በአጭሩ» ሳይል ንግግር አይጀምርም፣ ከጀመረ ደግሞ ሻይ ይቀዘቅዛል። «በአጭሩ» አለው ሒሳብ ሹሙን፣ «ለዶሮ ሰዓት የሰጠሁት እኔ አይደለሁም።»

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው ውሃው የጠፋው።

በጋ ላይ ቦኖው ረፋድ ሲል «ክሕ ክሕ» ብሎ አስሎ ይደርቅ ጀመር። የጄሪካን ሰልፉ ሻይ ቤቴን ዞሮ ይሄዳል። ላይኛው ሰፈር ግን ውሃው አልጠፋም። እንዲህ ነው ነገሩ፦ ታንከሩ ኮረብታው አናት ላይ ነው። ቧንቧው ከዚያ ይወርድና መጀመሪያ ለላይኛው ሰፈር አንድ ቅርንጫፍ ይሰጣል፣ ከዚያ መንገዱን አቋርጦ ወደ እኛ ይመጣል። ሰው ምን ይበል? «ከተሜዎቹ ጠጡት» አለ። «በቀን ሁለቴ ይታጠባሉ።» «መኪና ያጥባሉ።» «ውሻ በሳሙና ያጥባሉ።» የውሻው ነገር ከእኔ አፍ ነው የወጣው፤ ግን በዓይኔ አይቼ ነው! ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ማታውን መንደሩን ዞሮ ወደ እኔው ሲመለስ ውሻው ሦስት ሆኖ፣ የራሱም መታጠቢያ ገንዳ ነበረው።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀመንበሩ «በአጭሩ» አለና ፀሐይ እስክትዞር ተናገረ። ሐሳቡ ግን አንድ ነበር፦ የላይኛው ሰፈር ቅርንጫፍ ይዘጋ። የላይኛው ሰው ከወንዝ ይቅዳ። እጅ ወጣ፣ ተቆጠረ፣ አለፈ። የኔም እጅ ወጥቷል፤ ምን ላድርግ፣ ጄሪካኔ ባዶ ነበር።

ያን ጊዜ እትዬ ጆሮ ከኋላ ተነሳች።

«ውሃው አልተጠጣም» አለች። «ፈሷል።»

«አንቺ ሴትዮ፣ የት አይተሽ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ትናንት ሁላችሁም ቀብር ነበራችሁ፤ ላይም ታችም የሚቀዳ ሰው አልነበረም። እኔ ታንከሩ ላይ ወጥቼ በእንጨት ለካሁ። ሄዳችሁ እስክትመለሱ አንድ ክንድ ወርዷል። ማን ቀዳው ታዲያ? ሟቹ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የሟቹ ልጅ እንኳ ሳቀ። ሊቀመንበሩ ግን ሲሳቅበት አይወድም። «በአጭሩ፣ አሥር ቀን!» አለ። «ካገኘሽ አገኘሽ። ካላገኘሽ በአሥረኛው ቀን የላይኛው መዝጊያ ይዘጋል።»

አሥር ቀን ለሌላው ከተሜ ምንም አይደለም። ሒሳብ ሹሙ ከተማ ቤት አለው፣ ልጅ አለው፣ ይመለሳል። እሷ ግን ወዴት ትመለስ? የለቀቀችው ክፍል በማግስቱ ተከራይቷል። እናቷ ጉልበታቸው ከአልጋ እስከ ደጅ ነው፤ ወንዝ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ውሃው ከተዘጋ እሷም አለቀላት። ይሄን ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር፤ ማንም ግን አልተናገረውም።

በማግስቱ ጀመረች። ከታንከሩ ተነስታ፣ ሦስት እርምጃ ትሄዳለች፣ ዘንጉን ትተክላለች፣ ታዳምጣለች፣ ትነሳለች። ልጆቹ ከኋላዋ ዱላ ተክለው ጆሯቸውን እየለጠፉ ይከተሏታል። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ፣ ከታች፣ ትልቁ ዋርካ ጋ ስትደርስ ፊቷ በራ።

«ሁምምም ይላል» አለችኝ። «ሰፊ ነው። እዚህ ነው!»

ስምንት ጎረምሳ ዶማና አካፋ ይዞ መጣ። ቆፈሩ። ጉልበት ደረሰ፣ ወገብ ደረሰ፣ ደረት ደረሰ። ቧንቧው ተገኘ፤ አፈሩ ደረቅ፣ ቧንቧው ትናንት የተገዛ የሚመስል፣ አንድ ጠብታ የለውም። እሷ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ ዘንጉን ብታሳርፍ፣ ድምፁ አሁንም አለ። «ሁምምም።» ግራ ገባት። ያን ጊዜ ከአጥሩ በስተጀርባ የወፍጮው ባለቤት ዱቄት ለብሶ፣ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ ብቅ አለ።

«ምን ጠፋባችሁ? ወርቅ ነው?» አለ። ከዚያ ለምሳ ሊገባ ሞተሩን አጠፋ።

ድምፁም ጠፋ።

እሷ ከጉድጓዱ ውስጥ ቀና ብላ አየችን። ራሷ ናት የተናገረችው። «ወፍጮው ነው» አለች።

ኧረ ሳቁን ተዉት! ቆፋሪዎቹ አካፋቸው ላይ ወደቁ። ሊቀመንበሩ በሕይወቱ አጭር ነገር የተናገረው ያን ቀን ነው። «በአጭሩ» አለ፣ «ዱቄት አገኘን።»

ስህተቷ ምን ነበር መሰላችሁ? ከተማ ውስጥ የማታውቀው ጩኸት አልነበረም። ባቡሩን፣ ጄኔሬተሩን፣ የሊፍቱን ገመድ፣ ሁሉንም ለይታ ወደ ጎን ትጥለዋለች፣ የሚቀረው ውሃው ነው። እዚህ ስትመጣ ግን «ገጠር ዝም ያለ ነው» ብላ ነው የመጣችው። ስለዚህ የሰማችው ድምፅ ሁሉ ውሃ መሰላት። ገጠር ዝም ያለ ነው ያለው ሰው ማን ይሆን? መጥቶ አንድ ጠዋት እኔ ቤት ሻይ ይጠጣ!

ሁለት ቀን ከቤት አልወጣችም። በሦስተኛው ቀን ዳቦ ይዤ ወጣሁ። ለማጽናናት ነው የሄድኩት፤ እሺ፣ ለወሬም ነው። ዘንጉ በሩ ጥግ ተደግፏል። እሷ ግድግዳው ላይ አፍጥጣለች። እማማ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ልጄ» ይሏታል፣ «እኔ እዚህ የመጣሁት ልሞት ነው። ሞቴን ይዤ ደግሞ በጭነት መኪና አልንገላታም።»

«እማዬ፣ ሳቁብኝ እኮ።»

«ይሳቁ! እኔ የሰው ካልሲ ሳጥብ ስንቱ ሳቀ? ካልሲው ግን ነጣ።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ዞር ብላ አየችኝና፣ «አንቺ» አለችኝ፣ «የዚህን መንደር ድምፅ ሁሉ ታውቂዋለሽ?»

እኔን! እኔን ጠየቀችኝ! እስከ አምስተኛ ብቻ የተማርኩ ሴት ነኝ፤ በሕይወቴ የማውቀውን ነገር የጠየቀኝ ሰው የመጀመሪያው እሷ ናት። ተነሳሁ። የወፍጮውን ሞተር አሰማኋት፤ በመጀመሪያ «ዱግ ዱግ ዱግ»፣ ከዚያ ቀበቶው ሲላላ «ጧ! ጧ!»። የአናጢውን መጋዝ አሰማኋት፤ ሲሄድ ይስቃል፣ ሲመለስ ያለቅሳል። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ልጆቹ ማባዣ ሲደግሙ፣ ሰባት ሲባዛ በስምንት ጋ ሲደርሱ ሁሌ ድምፃቸው እንደሚያንስ። የመምህሩን የንብ ቀፎ። አህያ ኮቴዋ ኮብልስቶን ላይ ሲያርፍና ሜዳ ላይ ሲያርፍ። ሊቀመንበሩ ተኝቶ ሲያንኮራፋ፤ ይሄንን ከየት እንደሰማሁ አትጠይቁኝ፣ ሚስቱ ናት የነገረችኝ። እማማ በሳቅ እንባቸው ፈሰሰ። እሷ ግን አልሳቀችም። ዓይኗን ጨፍና እያንዳንዱን ትሰማለች፤ «እስቲ ድገሚው» ትላለች፣ እደግማለሁ። ከቀትር በኋላ አብረን ወጥተን እውነተኛውን በዘንጉ አዳመጠች። የኔ ወፍጮ ከወፍጮው ብዙም አይለይም አለች።

ማታ ላይ ግን ራሷን ነቀነቀች። «በጣም ብዙ ነው። መለየት ሳይሆን ዝም ማሰኘት ነው የሚያዋጣው። መንደሩ በሙሉ አንድ ጠዋት ዝም ይበልልኝ።»

«ወፍጮውም?»

«ወፍጮውም።»

«ከብቱም?»

«ከብቱም። ሰውም።»

«እኔም?»

«አንቺ በተለይ» አለችኝ።

ሊቀመንበሩ ዘንድ አብረን ሄድን። ሰምቶ ሆዱ እስኪነቃነቅ ሳቀ። «አንቺ ሴትዮ፣ ከዱቄቱ በኋላ? ለአንቺ ብዬ መንደር ዝም ላሰኝ?»

«ጋሼ» አለችው፣ «ካላገኘሁ የላይኛውን መዝጊያ እርስዎ አይዘጉትም። እኔ ራሴ በገዛ እጄ እዘጋዋለሁ። እናቴንም ይዤ እሄዳለሁ። ማንም አይከራከርም፣ ማንም አይቀየምም።»

ሳቁን አቆመ። አያት። ዘንጉን አየ። «እሺ» አለ። «በአጭሩ» እንኳ አላለም።

ዘጠነኛው ቀን ጠዋት ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም፤ ደግሞም አልሰማሁም! ከብቱ ገና ጎሕ ሳይቀድ ወደ ሩቅ ሜዳ ተነዳ። ዶሮዎች በቅርጫት ተከደኑ። የሒሳብ ሹሙ ጎረቤት አውራ ዶሮ ወደ ጨለማ ጓዳ ሲገባ ሒሳብ ሹሙ ራሱ በሩን ይዞ ቆመ፤ እንደዚያ ደስ ብሎት አላየሁትም። ወፍጮው ጠፋ፣ መጋዙ ተሰቀለ፣ ቦኖው ተቆለፈ፣ ሕፃናት ጡት ጎረሱ። ልጆቹ መንገድ ዳር ተደርድረው አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል። እኔ መሐረቤን ነክሻለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ግን ነቀዝኩ! በሆዴ ስንት ነገር አለ መሰላችሁ።

እሷ ከታንከሩ ጀመረች። ሦስት እርምጃ፣ ዘንግ፣ ጆሮ። ሦስት እርምጃ፣ ዘንግ፣ ጆሮ። ሰዉ በዓይኑ ይከተላታል። መሃል ላይ ሊቀመንበሩ ሊያነጥስ ሆነ። አፍንጫው ተነፋ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ፊቱ ቀላ። ሚስቱ ሻሿን አወለቀችና ፊቱን ጠቅልላ ያዘችው። ሻሹ ውስጥ ፈነዳ፤ ድምፁ ግን አልወጣም።

የላይኛው ሰፈር መንገድ ቧንቧውን የሚያቋርጥበት ኩርባ አለ፤ ባለፈው በጫጫታው መሃል ምንም ሳይሰማት ነበር ያለፈችው። እዚያ ጋ ስትደርስ ዘንጉን ተከለች። አልተነሳችም። አንድ እርምጃ ወደ ግራ፣ አዳመጠች። አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ፣ አዳመጠች። ተመልሳ መሃል ላይ ተከለችውና ቆየች። እኔ ቅርብ ነበርኩ፤ ፊቷን አየሁት። መጀመሪያ በራ። ከዚያ ደግሞ፣ መንገዱን ወደ ላይ፣ መንገዱን ወደ ታች ስታይ፣ ቀስ ብሎ ጨለመ። ገባኝ። በዚያ ኩርባ ላይ ማን ነው ያለፈው? አራት ዓመት ሙሉ ቁም ሳጥን፣ ሲሚንቶ፣ ብረት፣ የአበባ ማሰሮ የጫነው መኪና ሁሉ በዚያ ነው የወጣው። የእሷም ጭምር።

ዝም ብትል ይቻላት ነበር። «እዚህ ነው፣ ቆፍሩ» ብላ ብትቆም ማን ይጠይቃት ነበር? ተነሳች። ጉልበቷን አራገፈች።

«እዚህ ነው» አለች። ድምፅ ከጠፋ ስለቆየ መንደሩ በሙሉ ሰማት። «የሰበርነውም እኛ ነን። ዕቃ የጫነ መኪናችን ነው የሰበረው። የላይኛውን መዝጋት ካለባችሁ፣ አሁንም ዝጉት።»

ዶማ መጣ። ሊቀመንበሩ ዶማውን ከጎረምሳው ቀማና ራሱ መታ። ሁለት ስንዝር እንኳ ሳይወርድ ብረት ነካ። ቧንቧው እንደ ተረገጠ ቃሪያ ተጨፍልቋል፣ ጎኑ ተሰንጥቋል፤ ውሃው «ቸሽሽሽ» እያለ ሥሩ ወዳለው ጠጠር ውስጥ ይሰምጣል። ለዚህ ነው ላዩ ያልረጠበው። በጋውን ሙሉ መሬት ነው የጠጣው።

«በደረት ልክ መቀበር ነበረበት» አለች እሷ ቀስ ብላ። «ታች ዋርካው ጋ በደረት ልክ ነው። እዚህ ለምን ሁለት ስንዝር ሆነ?»

ሊቀመንበሩ ዶማውን ደግፎ ቆመ። ላቡን ጠረገ። የሚስቱ ሻሽ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ድንጋይ ነበር» አለ። «ያን ጊዜ የቁፋሮው ኃላፊ እኔ ነበርኩ። ፀሐይ ነበር፣ ደክሞን ነበር። ማን ያልፍበታል፣ በግ ነው የሚያልፍበት አልኩ። ሁለት ስንዝር ላይ ያስቀበርኩት እኔ ነኝ።» ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረና፣ «የሚዘጋ መዝጊያ የለም!» አለ። አጭር ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ብታዩ! ቧንቧው በደረት ልክ እንዲቀበር ድንጋዩን ለመፈልፈል ላይኛውም ታችኛውም ሰፈር መዶሻ ይዞ ወረደ። ሒሳብ ሹሙ ክራቫቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ዶማ ሲያነሳ ዶማው ራሱ አፈረ፤ ግን እስከ መጨረሻው አልለቀቀም። የተጨፈለቀውን ቆርጣ፣ አዲስ ቁራጭ አስገብታ፣ መጋጠሚያውን ያሠረችው እሷ ናት፤ ጭቃ ውስጥ ተንበርክካ፣ ቁልፉን በሁለት እጇ እያዞረች። አንድ ማሰሪያ ጎደለ። የፀጉር አስተካካዩን ብስክሌት ካላማዳሪ ከጎማው አውጥታ፣ ቀድዳ ጠቀለለችበት፣ በሽቦ አጠበቀችው። ብስክሌቱ እስካሁን ቆሟል፤ ባለቤቱ ግን ለመጣ እንግዳ ሁሉ «የኔ ካላማዳሪ ነው የያዘው» እያለ ይኩራራል።

ውሃው ሲለቀቅ ቦኖው «ክሕ» ሳይል ፏ ብሎ ወረደ። ረፋዱን ወረደ፣ ቀትሩን ወረደ፣ ጀንበር እስክትጠልቅ ወረደ። አንዲት ሴትዮ ጄሪካኗ ሞልቶ ሲፈስ ዝም ብላ ታየዋለች። ሊቀመንበሩ አንድ ጣሳ ቀዳና ኮረብታውን ወጥቶ፣ እያለከለከ፣ ለእማማ ራሱ ወስዶ ሰጠ። «እትዬ የት አሉ?» አለ ስለ ልጃቸው። «አንቺ ሴትዮ» ቀረች። እማማም ቀመስ አደረጉና፣ «ዘግይተሃል» አሉት፣ «ልጄ እኮ ከሃምሳ ዓመት በፊት ነው የተወለደችው።»

እኛ እዚህ የምንኮራው በከብትና በመሬት ነበር። ዛሬ ግን ከሌላ መንደር የመጣ ሰው ሲያናግረኝ የኔ ነገር ሌላ ነው። «እናንተ ጋ ሐኪም አለ?» ይላል። የለም። «መብራት አለ?» አንዳንዴ። «ታዲያ ምን አላችሁ?» ሲለኝ ደረቴን ነፍቼ፣ «ሰሚ አለን!» እላለሁ። ሦስት መንደር ለምኗታል፤ ሄዳ ሁለት ቦታ አግኝታለች። ወፍጮም አላሳሳታትም።

በወር አንድ ጠዋት ደግሞ መስመሩን ከላይ እስከ ታች ታዳምጣለች። ያን ጠዋት ማንም ሳያዘው መንደሩ ዝም ይላል። ባለፈው ታዲያ አንድ ጭነት መኪና፣ ቁም ሳጥን ተሸክሞ፣ ከከተማ መጣ። ሾፌሩ ኩርባው ጋ ደርሶ ጡሩምባውን «ጲጲጲ!» ሲያደርግ ሊቀመንበሩ ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ እየሮጠ መንገዱ መሃል ቆመበት። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «ምን ሆናችኋል? ሰው ሞቷል እንዴ?» አለ።

ሊቀመንበሩ ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። ወደ ታች፣ ተንበርክካ ወዳለችው ሴትዮ አመለከተውና በሹክሹክታ፣

«ሞተርህን አጥፋ» አለው፣ «ከዚያ ውረድ። ዕቃህን እዚህ ጋ እናወርድልህና በትከሻችን እናወጣልሃለን። እሷ እስክትጨርስ ግን አትናገር።»

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። ከጎኑ የተቀመጡት አዲሶቹ ባልና ሚስት እጅ ለእጅ ተያይዘው ወረዱና፣ ማንም ምንም ሳይነግራቸው፣ ጫማቸውን አውልቀው ቆሙ።